ማሽላ ሙቀት አይፈራም? ወሎ ላይ የሚባለውና እውነታው

«ማሽላ የቆላ እህል ነው፤ ሙቀት ምን ያደርገዋል?»
ቅጠሉንስ ብዙም አያደርገውም። ማሽላ እንደ ጤፍና በቆሎ ሁሉ በጠራራ ፀሐይ ምግቡን የሚያዘጋጅበት ብልሃት አለው፤ ስንዴና ገብስ ይህ የላቸውም። ጉዱ ያለው አበባው ላይ ነው። ሊያብብ ጥቂት ቀን ሲቀረውና ሲያብብ ሙቀቱ ከ36 እስከ 38 ዲግሪ ከደረሰ የአበባው ብናኝ ይመክናል። ቆቦ ሜዳ ላይ ከሩቅ ስታዩት ማሳው ለምለም፣ አገዳውም ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። ዛላውን በጣታችሁ ስታሹት ግን መዳፋችሁ ላይ የሚቀረው ገለባ ነው። ሰው ደግሞ ወፍ ላይ ያሳብባል።

«ቅጠሉ ከተጠቀለለ አለቀለት።»
የለም፣ ራሱን እየተከላከለ ነው። ፀሐይ የሚያገኘውን ገጽ ያጠባል፣ ውሃም ይቆጥባል። እኩለ ቀን ላይ አይቶ መደንገጥ አያስፈልግም፤ ጎህ ሲቀድ እዩት። ተዘርግቶ ካደረ ደህና ነው። ሲነጋም እንደተጠቀለለ ከሆነ ግን ሥሩ ውሃ አጥቷል።

«መስኖ ካለ ሙቀት አያሰጋም።»
ግማሹ እውነት ነው። ተክል እንደ ሰው ያልበዋል ማለት ይቻላል፤ ውሃ ከቅጠሉ ሲተን ቅጠሉ ከአየሩ በጥቂት ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ውሃ ሲጠፋ ውሃው የሚተንባቸው ጥቃቅን የቅጠሉ ቀዳዳዎች ይዘጋሉ፣ ቅጠሉም ይግላል። ነገር ግን ሌሊቱ ሞቆ ካደረ፣ ቀን የሠራውን ስኳር ሌሊት በመተንፈስ ያቃጥለዋል። ያንን የጉድጓድ ውሃ አያድነውም።

«ተክል ቆሞ ከመቃጠል ሌላ ምን ያውቃል?»
ግለቱ በጀመረ በደቂቃዎች ውስጥ ሴሎቹ ልዩ ፕሮቲኖች ማምረት ይጀምራሉ። እንቁላል ሲቀቀል እንደሚረጋ ሁሉ በሙቀት ቅርጻቸው የሚበላሹ ፕሮቲኖች አሉ፤ እነዚህ ልዩዎቹ እነሱን ደግፈው ያቃናሉ። ቀስ በቀስ የመጣን ሙቀት ከድንገተኛው ይልቅ የሚችለው ለዚህ ነው።

«ስንዴው ዘንድሮ ቶሎ ደረሰልን።»
ደጋ ላይ ይህን ስሰማ ደስ አይለኝም። ፍሬ በሚሞላበት ወቅት ሙቀት ሲጨምር እድገቱ ይጣደፋል፤ ፍሬው ሳይሞላ ይደርቃል። ልዩነቱ የሚታወቀው አውድማ ላይ፣ ስልቻው ሲመዘን ነው።

«ድርቅና ሙቀት የሚችል ዘር ከውጭ ነው የሚመጣው።»
አሜሪካ ውስጥ ሳይቀር የማሽላ አዳቃዮች ድርቅ ሲመታው ቅጠሉ ሳይደርቅ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆይበትን ባሕርይ በዋናነት ያገኙት ዱራ ከሚባለው የኢትዮጵያ የማሽላ ዓይነት ነው።