«ቢል ጌትስ አይራብም» እና ሌሎች የሰለቹኝ አባባሎች

ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ። «ዊንዶውስ ጫንልኝ፣ ኦፊስም ጨምርበት፣ ፎቶሾፕ ካለህም ጣል አድርግልኝ» ሲባል ነው የምውለው። «ፈቃዱን ትገዛላችሁ ወይ?» ስል የምሰማው መልስ ከቢሮ ቢሮ አይለይም። ስለዚህ ከነምላሹ ልጻፈውና ልገላገል።

«ሁሉም ሰው የሚጠቀመው ክራክ ነው»

ክራክ የሚሉት መቆለፊያው ተሰብሮ ያለ ክፍያ የሚሠራውን ፕሮግራም ነው። ሁሉም ሰው ቀይ መብራት ሲጥስም አይቻለሁ።

«ለግሌ ከሆነ ሕጉ ይፈቅዳል»

አይፈቅድም። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ አንድን ሥራ ለግል አገልግሎት መቅዳትን ይፈቅዳል፤ የኮምፒውተር ፕሮግራምን ግን ከዚህ ፈቃድ አውጥቶታል። ፕሮግራሙን በሕጋዊ መንገድ የያዘ ሰው መጠባበቂያ ቅጂ ማስቀመጥ ይችላል። በቃ።

«ክራክም ኦሪጅናልም ያው ነው፣ ዋጋው ነው የሚለየው»

ሐምሌ ላይ፣ በግብር ሰሞን፣ አንድ የሂሳብ ባለሙያ ደወለችልኝ። ሄድኩ። እያንዳንዱ ፋይል ስሙ መጨረሻ ላይ የማይታወቁ አራት ፊደላት ተቀጥለውበታል፤ አንዱም አይከፈትም። በየፎልደሩ አንድ የጽሑፍ ፋይል ተቀምጧል። «980 ዶላር ክፈሉ፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ከሆነ 490» ይላል። «ስቶፕ» የሚባለው የቫይረስ ዘር ነው፤ በብዛት የሚሰራጨው ከክራክ ጋር ነው። ረዳቷ ከሁለት ቀን በፊት የፒዲኤፍ ማስተካከያ ክራክ አውርዶ ነበር። መመሪያው «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ» ይላል፤ ልጁም አጠፋ። መጠባበቂያ ቅጂ አልነበራቸውም። የዓመቱን ደረሰኝ ከካርቶን እያወጡ እንደገና ሲያስገቡ ከረሙ።

«ፓተንት ያለውን ዕቃ አስመስሎ መሥራትም ያው ሌብነት ነው»

ይሄ ደግሞ የጨዋዎቹ ስህተት ነው። ክራክ ጭነው ስለ ፓተንት የሚሰብኩኝም አሉ። ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ የሚሠራው በተመዘገበበት አገር ብቻ ነው፤ ጊዜውም ያልፋል። በእኛ ሕግ፣ በአዋጅ 123/1987፣ 15 ዓመት ነው፤ ፈጠራው እዚህ ሥራ ላይ ከዋለ 5 ዓመት ይጨመራል። አሠራሩም ለሕዝብ በግልጽ ይታተማል፤ መብቱ የሚሰጠው ምስጢሩን በመግለጥ ምትክ ነው። እዚህ ያልተመዘገበን ማሽን እዚህ ሠርቶ እዚህ የሚሸጥ ባለ ጋራዥ ፓተንት አልጣሰም። የሌላውን የንግድ ምልክት ከለጠፈበት ግን ፎርጅድ ነው።

ጀነሪክ መድኃኒትን፣ ያንኑ መድኃኒት ሌላ አምራች በራሱ ስም ሲሠራው፣ ፎርጅድ የምትሉም ተዉ። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የህንድ ሕግ ለመድኃኒቱ ለራሱ ፓተንት አይሰጥም ነበር፤ ለአሠራር ሂደቱ ብቻ ነው። በዚያ ሕግ ያደገው የህንዱ መድኃኒት አምራች ሲፕላ በ2001 (እ.ኤ.አ.) በአንድ ላይ የሚወሰዱ ሦስት የኤችአይቪ መድኃኒቶችን ለአንድ ሰው በዓመት 350 ዶላር አቀረበ። የባለ ፓተንቶቹ ዋጋ ከ10,000 ዶላር በላይ ነበር። ይህን ሌብነት የሚል ካለ እሱ ጋር ጨዋታ የለኝም።

«ቢል ጌትስ አይራብም»

ይሄን እንኳ በደንብ ልመልሰው። አዎ፣ የማይክሮሶፍቱ መሥራች አይራብም። በ1998 (እ.ኤ.አ.) ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎች ሲናገር የቻይና ነገር ተነሣና የሰጠው ሐሳብ እንዲህ ነበር፦ መስረቃቸው ካልቀረ የእኛን ቢሰርቁ ይሻለናል፤ ይለምዱታል፤ ገንዘቡን በኋላ የምንሰበስብበትን መላ እናገኛለን። እናንተ ማይክሮሶፍትን የጎዳችሁ ይመስላችኋል። እሱ ግን ደንበኛ እያሳደጋችሁለት መሆኑን ያኔ ነው ያወቀው።

የሚራበው እዚህ ያለው ነው። አንድ የማውቀው ልጅ ለሱቆች የሂሳብና የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ሠርቶ ነበር። በአማርኛ ነው፤ በእኛ የቀን አቆጣጠር ነው፤ ቫቱንም የደመወዝ ግብሩንም በእኛው ሕግ ያሰላል። ይዞ ሲዞር ባለሱቁ ምን ይላል? «ፒችትሪን የመሰለ የውጭ የሂሳብ ፕሮግራም በመቶ ብር ይጫንልኝ የለ እንዴ? ያንተን ምን አስገዛኝ?» የገዛው ደግሞ በማግስቱ ደውሎ «ለእህቴም ሱቅ ጫንላት፣ ቤተሰብ ነን» ይለዋል። በነፃ ማለቱ ነው። ልጁ ዛሬ ባንክ ተቀጥሯል። ፕሮግራሙን የሚያድስለት የለም፤ ግብሩ ሲለወጥ ያው ቆሞ ቀረ።

ፒችትሪ እንኳ ከዓመታት በፊት ስሙን ወደ ሴጅ ቀይሯል። የእኛ የሥራ ማስታወቂያ ግን ዛሬም «ፒችትሪ የሚችል» ይላል። ማሠልጠኛውም የሚያስተምረው ያንኑ ነው፤ ተማሪው የሚፈልገውም ያንኑ ነው። ክራኩ በየፍላሹ ባይዞር የዚያ ልጅ ፕሮግራም ቢያንስ በዋጋ ይወዳደር ነበር። በዜሮ ብር ላይ ማን ቅናሽ ያደርጋል?

«በዶላር የሚከፍል ካርድ የለኝም»

ይሄኛው እውነት አለው። መክፈል እየፈለገ መክፈያ ያጣ ሰው ሞልቷል። ግን ይህን ከሚሉኝ አብዛኞቹ ነፃውን እንኳ ሞክረው አያውቁም። ደብዳቤና ሠንጠረዥ ብቻ ለሚሠራ ሰው ሊብሬኦፊስ ከበቂ በላይ ነው። ለፎቶ ጊምፕ፣ ለካርታ ኪውጂአይኤስ፣ ለስታቲስቲክስ አር አለላችሁ። የንድፍ መሥሪያውን አውቶካድን ለተማሪና ለመምህር ኩባንያው ራሱ በነፃ ይሰጣል። አማርኛ ለመጻፍ ክራክ የምታወርዱት ደግሞ ይገርሙኛል፤ ኪቦርዱ ዊንዶውስ ውስጥ አለ፣ አቢሲኒካን የመሰለ ፎንትም በነፃ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ ላፕቶፕ ገዝታችሁ «ፎርማት አድርግልኝ» የምትሉት ለምንድን ነው? ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ሕጋዊ ዊንዶውስ አላቸው፤ ቁልፉም ማዘርቦርዱ ላይ ተቀምጧል። የከፈላችሁበትን አስጠፍታችሁ ክራክ ታስጭናላችሁ፤ ለጫኚውም ትከፍላላችሁ። ሴቲንግስ ግቡና አክቲቬሽን የሚለውን ክፈቱ። በዲጂታል ፈቃድ መከፈቱን ከነገራችሁ ማንም እንዳይነካው። ያን አይታችሁ ነው የምትደውሉልኝ።