ሄፓታይተስ ቢ ከእናት ወደ ሕፃን፦ አተላለፉ፣ ክትባቱና የመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት

ሄፓታይተስ ቢ ጉበትን የሚያጠቃ ቫይረስ ነው። የሚተላለፈው በደምና በሌሎች የሰውነት ፈሳሾች ነው። ስሙ ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ስለ መርፌና ስለ ግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው። ሆኖም በዓለም ላይ ቫይረሱን ተሸክመው ከሚኖሩት ብዙዎቹ የተያዙት ገና ሲወለዱ ወይም በሕፃንነታቸው ነው።

እዚህ ላይ ወሳኙ ዕድሜ ነው። ጤናማ አዋቂ ሲያዝ አብዛኛውን ጊዜ ሰውነቱ ራሱ ቫይረሱን ያጠፋዋል። ሥር የሚሰድበት ከ100 ሰው ከ5 ባነሰው ላይ ነው። ሲወለዱ ከሚያዙ ሕፃናት ግን ከ10 ዘጠኙ ያህሉ የዘለቄታ ተሸካሚ ይሆናሉ። ምንም አይታይባቸውም፤ ይጠባሉ፣ ያድጋሉ፣ ትምህርት ቤት ይገባሉ። ችግሩ ከአሥርተ ዓመታት በኋላ የጉበት ጠባሳ (ሲሮሲስ) ወይም የጉበት ካንሰር ሆኖ ብቅ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) 254 ሚሊዮን ሰዎች ከቫይረሱ ጋር እንደሚኖሩ፣ 1.1 ሚሊዮን ያህሉም በዚያው ዓመት በእሱ ምክንያት እንደሞቱ ገምቷል።

ቫይረሱ በአብዛኛው ወደ ሕፃኑ የሚያልፈው በእርግዝና ወራት አይደለም። በምጥና በወሊድ ሰዓት፣ ሕፃኑ ከእናቱ ደምና ፈሳሽ ጋር ሲነካካ ነው። አደጋው ከእናት እናት ይለያያል። በደሟ ውስጥ ኢ አንቲጅን የሚባለው ፕሮቲን ካለ ቫይረሱ በብዛት እየተራባ ነው ማለት ነው። መከላከያ ካልተደረገ ከእንዲህ ዓይነት እናቶች ልጆች ከ70 እስከ 90 በመቶው ይያዛሉ። ኢ አንቲጅን ከሌለ ቁጥሩ ከ10 እስከ 40 በመቶ ይወርዳል። ይኸው ፕሮቲን በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ የፅንሱን የመከላከል አቅም ከቫይረሱ ጋር ሳያለማምደው አይቀርም ይባላል።

ደግነቱ ቫይረሱ ዘገምተኛ ነው። ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ሕመም እስኪያስከትል ከአንድ እስከ ስድስት ወር ይፈጅበታል። ወዲያው የተሰጠ ክትባት ሊቀድመው ይችላል። ስለዚህም ሕፃኑ ከቫይረሱ ጋር ከተገናኘ በኋላ እንኳ ክትባቱ ይሠራል። ግን ቀኑ በገፋ ቁጥር ጥቅሙ ይቀንሳል። የ24 ሰዓቱ ጉዳይ የመጣው ከዚህ ነው።

ቫይረሱ የተገኘው ሳይፈለግ ነው። አሜሪካዊው ባሩክ ብሉምበርግ ያጠና የነበረው በሰዎች ደም መካከል ያለውን የዘር ልዩነት እንጂ የጉበት በሽታን አልነበረም። ከአንድ የአውስትራሊያ ነባር ሕዝብ ተወላጅ በተወሰደ ደም ውስጥ የማያውቀውን ፕሮቲን አገኘ። ከሃርቪ አልተርና ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር በ1965 ይፋ ሲያደርጉት «የአውስትራሊያ አንቲጅን» አሉት። ይህ የቫይረሱ ሽፋን እንደሆነ የታወቀው በኋላ ነው። ብሉምበርግ በ1976 የኖቤል ሽልማት ተሸለመ። ከኧርቪንግ ሚልማን ጋር ከተሸካሚዎች ደም ክትባት የመሥራትን ሐሳብ ያቀረበው ግን ቀደም ብሎ በ1969 ነበር። ሐሳቡን ወደ ምርት የለወጠው በመርክ ኩባንያ የነበረው ሞሪስ ሂለማን ነው። ደሙን በፔፕሲን፣ በዩሪያና በፎርማሊን እያጠበ ሕያው ነገር እንዳይተርፍበት አደረገ። ክትባቱ በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው በ1981 ነው። ጊዜው ግን መጥፎ ነበር፤ ያኔ ኤድስ ገና መታወቁ ስለነበር ከሰው ደም የተሠራ ነገር ለመወጋት ብዙዎች ፈሩ። ዝግጅቱ ኤችአይቪንም የሚገድል ሆኖ ተገኝቷል፤ ፍርሃቱ ግን ወዲያው አልለቀቀም። በ1986 በእርሾ የሚመረት፣ ደም የማይነካው ክትባት ሲመጣ ክርክሩ ዋጋ አጣ።

ለሕፃናት ጉዳይ ዋናው ምዕራፍ የተጻፈው ታይዋን ውስጥ ነው። አሜሪካዊው ፓልመር ቢስሊና ባልደረቦቹ 22,707 ወንድ የመንግሥት ሠራተኞችን ለዓመታት ተከታተሉ። በ1981 ያወጡት ውጤት አስደንጋጭ ነበር፦ ቫይረሱ ያለባቸው በጉበት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ ከ200 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ በኋላ ቫይረሱ ካንሰር ያመጣል የሚለውን መጠራጠር አስቸጋሪ ሆነ። እነ ቢስሊ ቀጥለው ከተሸካሚ እናቶች ለተወለዱ ሕፃናት ክትባትና ኢሚውኖግሎቡሊን (ከለጋሾች ደም የተዘጋጀ አንቲቦዲ፣ ማለትም ቫይረሱን የሚከላከል ፕሮቲን) አብረው ሲሰጡ አብዛኞቹ ከመያዝ እንደሚተርፉ አሳዩ።

ታይዋን በሐምሌ 1984 አገር አቀፍ ፕሮግራም ጀመረች። መጀመሪያ የተሸካሚ እናቶች ልጆች፣ ከ1986 ጀምሮ ደግሞ ሁሉም አራስ ሕፃናት ይከተቡ ገቡ። በሕፃናትና ልጆች ዘንድ 10 በመቶ አካባቢ የነበረው የተሸካሚዎች ድርሻ በሃያ ዓመት ውስጥ ከ1 በመቶ በታች ወረደ። በ1997 ሜይ-ህዌይ ቻንግና ባልደረቦቿ ያወጡት ጥናት ከዚህም ይበልጣል። ከ6 እስከ 14 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የጉበት ካንሰር ከ100,000 ልጆች ከ0.70 ወደ 0.36 ዝቅ ብሎ ነበር። ክትባት ካንሰርን እንደሚከላከል በሕዝብ ደረጃ የታየው ያኔ ነው፤ የክትባት ባለሙያዎች ይህን ሲጠቅሱ ደረታቸውን ቢነፉ አይፈረድባቸውም።

በአፍሪካ ጋምቢያ በ1986 ትልቅ የክትባት ጥናት ጀምራለች። በቻይና ከ1 እስከ 4 ዓመት ባሉ ሕፃናት መካከል ተሸካሚዎች በ1992 9.67 በመቶ ነበሩ፤ በ2014 0.32 በመቶ ሆኑ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1992 አገሮች ሁሉ ክትባቱን በመደበኛ ፕሮግራማቸው እንዲያስገቡ መከረ፤ በ2009 ደግሞ ሁሉም ሕፃናት በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲከተቡ።

አሠራሩ አሁን ይህን ይመስላል። ነፍሰ ጡር በቅድመ ወሊድ ክትትል ከኤችአይቪና ከቂጥኝ ጋር የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ታደርጋለች። ቫይረሱ ተገኝቶባት መጠኑ ከፍ ያለ ከሆነ ቴኖፎቪር የተባለ እንክብል ትወስዳለች። የዓለም ጤና ድርጅት የ2020 መመሪያ ከ28ኛው ሳምንት ጀምሮ ይል ነበር፤ ወሰኑም በሚሊ ሊትር 200,000 ዩኒት ነበር። የ2024ቱ ላላ ብሎ የቫይረስ መጠን መለካት በማይቻልበት ቦታ ቫይረሱ የተገኘባቸው እናቶች ሁሉ መድኃኒቱን እንዲወስዱ ፈቅዷል። ሕፃኑ ሲወለድ ጭኑ ላይ ይከተባል። ኢሚውኖግሎቡሊን በሚገኝበት አገር የተሸካሚ እናት ልጅ እሱንም በሌላው ጭኑ ያገኛል። ውድ ስለሆነ ብዙ ቦታ አይገኝም።

አንድ የሚምታታ ነገር አለ። በብዙ አገሮች በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጠው አምስት በአንዱ ክትባት (ፔንታ) ውስጥ ሄፓታይተስ ቢ አለ። ይህ ግን የልደቱን አይተካም፤ ለአራስ ሕፃንም አይሰጥም። የልደቱ ብቻውን የተዘጋጀ ነው። ክብደቱ ከ2 ኪሎ በታች የሆነ ሕፃንም ሲወለድ ይከተባል፤ ሆኖም ያ ዶዝ ስለማይቆጠር ሌላ ሦስት ያስፈልገዋል።

በ2022 የልደቱን ክትባት በጊዜው ያገኙት በዓለም 45 በመቶ፣ በአፍሪካ 18 በመቶ ያህሉ ሕፃናት ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቤት የተወለደ ሕፃን ጋ በ24 ሰዓት ማን ይደርሳል? ጤና ተቋም የተወለደውም ቢሆን ቢልቃጡ እስከ ሰኞ ፍሪጅ ውስጥ ከተቆለፈበት ያመልጠዋል። ቁልፉ አዋላጇ እጅ በሆነበት ማዋለጃ ክፍል ግን ጉዳዩ የደቂቃ ሥራ ነው። ክትባቱ ራሱ ሙቀትን ከብዙዎቹ ክትባቶች በተሻለ ይችላል፤ የሚያበላሸው በረዶ ነው።

ክርክሩ ያለው ሁሉም ሕፃን ሲወለድ ይከተብ ወይስ የተሸካሚ እናት ልጅ ብቻ በሚለው ላይ ነው። ቫይረሱ እምብዛም በማይገኝባቸው አገሮች፣ ለምሳሌ በእንግሊዝ፣ በልደት ዕለት የሚከተቡት የተሸካሚዎች ልጆች ናቸው። አሜሪካ ከ1991 ጀምሮ ሁሉንም ስትከትብ ቆይታለች። በታኅሣሥ 2025 ግን አማካሪ ኮሚቴዋ እናታቸው ነፃ ለሆነች ሕፃናት ውሳኔው ለወላጅና ለሐኪም እንዲተው ድምፅ ሰጠ፤ ብዙ የሕፃናት ሐኪሞች ተቃውመዋል። ምርመራ ያመለጣት ወይም ከምርመራው በኋላ የተያዘች እናት እንዳለች ለሚያውቅ ሰው ተቃውሟቸው ግልጽ ነው።

ስለ ጡት ማጥባት ክርክር የለም። ሕፃኑ እስከተከተበ ድረስ እናት ታጠባለች። ለዚህ ብቻ ተብሎ ኦፕራሲዮን መውለድም አይመከርም። የተሸካሚ እናት ልጅ ክትባቱን ከጨረሰ በኋላ፣ ከ9 እስከ 12 ወሩ፣ ደሙ ይመረመራል። አንቲቦዲው በሊትር 10 ዩኒት (በሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ዩኒት) ከደረሰ ተጠብቋል ማለት ነው፤ ካልደረሰና ቫይረሱ ካልተገኘበት እንደገና ይከተባል።