ብዙ ያሸነፈው እንዴት ዋንጫውን አጣ?

ጎንደር ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን በተቀመጥን ቁጥር ይሄ የሞተር ውድድር ነገር ያጨቃጭቀናል፣ ትናንትም እንደዛው፣ ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና እንገላገል። ጥያቄው፦ በፈረንጆቹ 2024 ሞቶጂፒ (ትልቁ የአለም የሞተር ሳይክል ሻምፒዮና) ላይ ባኛያ የእሁዱን ውድድር 11 ጊዜ አሸነፈ፣ ማርቲን 3 ጊዜ ብቻ፣ ታዲያ ሻምፒዮኑ እንዴት ማርቲን ሆነ?

የሚቆጠረው ስንቴ እንዳሸነፍክ ሳይሆን የሰበሰብከው ነጥብ ነዋ። እሁድ አንደኛ 25፣ ሁለተኛ 20፣ ሶስተኛ 16 እያለ ይወርድና 15ኛው 1 ይይዛል። ወድቆ ያልጨረሰ ዜሮ።

እንበል ሁለት የአዘዞ ልጆች 4 ጊዜ ተወዳደሩ። አንዱ ሁለቴ አንደኛ ወጣ ሁለቴ ወደቀ፣ 50 ያዘ። ሌላው አራቱንም ሁለተኛ፣ አንድም ሳያሸንፍ 80! ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ 1999 ላይ አልዛሞራ የሚባል ተወዳዳሪ በ125 ሲሲ (በትንንሽ ሞተሮች ምድብ) አንድም ውድድር ሳያሸንፍ በ1 ነጥብ በልጦ ሻምፒዮን ሆኗል፣ እኔ መጀመሪያ ስሰማ አላመንኩም ነበር።

ከ2023 ወዲህ ደሞ ሞቶጂፒ ላይ ቅዳሜ ስፕሪንት የሚባል አጭር ውድድር አለ፣ ርቀቱ ግማሽ ነው፣ አንደኛው 12 ያገኛል፣ ነጥብ የሚሰጠው እስከ 9ኛ ድረስ ነው። ነጥቡ ከእሁዱ ጋር ይደመራል ግን ስፕሪንት ያሸነፈ ሰው ግራንድ ፕሪ (ዋናውን የእሁድ ውድድር) አሸነፈ አይባልም፣ ሁላችሁም የምትሳሳቱት እዚች ጋ ነው። በ2024 የሁለቱም ቀን ነጥብ ሲደመር ማርቲን 508፣ ባኛያ 498 ያዙ፣ ዋንጫው የማርቲን የሆነው ለዚህ ነው።

ሱፐርባይክ የሚባለው ሌላ የሞተር ሻምፒዮና ላይ ደሞ የቅዳሜው ውድድር ሙሉ ነጥብ አለው፣ እሱን ከዚህ ጋር እንዳታቀላቅሉብኝ።