ስለ ዘፈን ስንከራከር የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሐዋሳ ላይ ባጃጅ ውስጥ ሙዚቃ ከተከፈተ ክርክር አይጠፋም። ሾፌሩ የሰሞኑን ዘፈን ይለቃል። ከኋላ ያለው ተሳፋሪ «አሁን ይሄ ዘፈን ነው?» ይላል። አጠገቡ ያለችው ልጅ «ምን ሆነ? አሪፍ ነው እንጂ!» ትላለች። ከፒያሳ ፍቅር ሐይቅ እስኪደረስ ነገሩ ይጦፋል። ሐይቁ ዳር ቡና የያዙ ጓደኛሞች ጋ ስትደርሱ ደግሞ ሌላ ዘፈን ላይ ያው ክርክር ተጀምሯል።

ይህን ክርክር እወደዋለሁ። ሰው የማይወደውን ነገር ይህን ያህል አይከራከርበትም። የሚያሳዝነኝ ግን ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ዘፈን እየተጨቃጨቁ ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሲያወሩ ነው። አንዱ ግጥሙን እያጣጣለ ነው፤ ሌላዋ ቢቱን እያደነቀች። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ዘፈን ግጥም አለው፣ ዜማ አለው፣ ቅንብር አለው፣ ድምፅ አለው። የትኛው ወደቀ፣ የትኛው ተሳካ ሳይባል «ቆሻሻ ነው» ወይም «አንደኛ ነው» ማለት ለማንም አይጠቅምም። ከዚህ በታች ያሉት በየቡናው የምሰማቸው የተሳሳቱ አባባሎች ናቸው።

«ዘፈኑ የዘፋኙ ነው»

ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። የምንወደውን ስንኝ የምናውቀው በዘፈነው ሰው ስም ብቻ ነው። ራሳቸው ጽፈው፣ ራሳቸው ዜማ አውጥተው የሚዘፍኑ አሉ፤ ቴዲ አፍሮን ማንሳት ይበቃል። ብዙው የአማርኛ ዘፈን ግን የሦስት የአራት ሰው እጅ አለበት። ይልማ ገብረአብ ስንት ድምፃዊ የዘፈነውን ግጥም ጽፏል። አበበ መለሰም በዜማና በግጥም እንዲሁ። ዓለምፀሐይ ወዳጆ በመድረክና በግጥም ብቻ ሳይሆን በዘፈን ግጥሞቿም ትታወቃለች። መስከረም 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ያረፈው ኤልያስ መልካ ደግሞ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ የአንድ ትውልድን የሙዚቃ ድምፅ የቀረጸ አቀናባሪ ነበር።

ካሴት በነበረበት ዘመን ይህን ማወቅ ቀላል ነበር። ሽፋኑን ገልብጦ «ግጥም፦ እከሌ፣ ዜማ፦ እከሌ፣ ቅንብር፦ እከሌ» የሚለውን ማንበብ ነው። አሁን ዘፈኑ ስልክ ላይ ሲመጣ የዘፋኙ ስምና ፎቶ ብቻ ይታያል። ስሞቹ ብዙ ጊዜ ከቪዲዮው ሥር ተጽፈው ይገኛሉ፤ ወርዶ የሚያይ ሰው ነው የጠፋው። እባካችሁ ውረዱና እዩ። ሕጉም ቢሆን ደራሲውን ያውቀዋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የግጥም ደራሲውንም የዜማ ደራሲውንም መብት ይጠብቃል። የኢኮኖሚ መብቱ ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል።

ይህ ለክርክሩም ይጠቅማል። «የእከሌ አዲሱ አልበም እንደ ድሮው አልሆነልኝም» የሚል ሰው ስሞቹን ቢያይ ምክንያቱን ሊያገኘው ይችላል። ድምፁ ያው ነው፤ ገጣሚው ተቀይሯል።

«ቅኔ የሌለው ግጥም፣ ግጥም አይደለም»

እኛ ሀገር ሰምና ወርቅ ትልቅ ቦታ አለው። መሆንም አለበት። ግን ከዚያ ተነስቶ በቀላል ቃል የተጻፈን ግጥም ሁሉ «ውሃ ነው» ማለት ስህተት ነው። ለምሳሌ እንዲሆነን ሁለት ግጥም ልደርድር። አንደኛው፦

በፍቅርሽ ነደድኩኝ፣ ልቤ ተቃጠለ፣
እንዳንቺ ያለ ሰው፣ በዓለም የት አለ።

ሁለተኛው፦

ከሐይቁ ዳር ቆሜ፣ ስጠብቅሽ ውዬ፣
ጀልባው ተመለሰ፣ ባዶውን አንቺዬ።

ሁለቱም የወል ቤት ናቸው። እያንዳንዱ ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም (ሲነገር የሚቆጠር የድምፅ ክፍል) ባላቸው ሁለት ሐረጎች ይከፈላል። ጣታችሁን እያጠፋችሁ በቃል ብትሏቸው ይገጥማሉ። ሁለቱም ቤት ይመታሉ። ሁለቱም ውስጥ ቅኔ የለም፣ ከባድ ቃል የለም። ታዲያ ልዩነቱ የት ነው? የመጀመሪያው ለማንኛዋም ሴት፣ በማንኛውም ሰው ሊባል ይችላል። መንደድ፣ መቃጠል፣ «እንዳንቺ የለም»… ሺህ ጊዜ ስለሰማነው ጆሯችን ላይ ይንሸራተታል። ሁለተኛው ውስጥ ግን አንድ ሰው ቆሟል፤ ቀኑ መሽቷል፤ ጀልባው መጥቷል፤ እሷ የለችም። «አዘንኩ» አላለም። አዘነ ብለን የምንለው እኛ ነን።

እንግዲህ የግጥም ጥንካሬ በቃሉ ክብደት አይለካም። የሚታይ ነገር አለው ወይ? የተለየ ሰው፣ የተለየ ቦታ፣ የተለየ ሰዓት አለው ወይ? የዘፈን ግጥም ደግሞ ተደጋግሞ የሚሰማ ነው። አዝማቹ አንድ ዘፈን ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ ይመለሳል። ጥሩ ገጣሚ ይህን ያውቃል። መጀመሪያ ስትሰሙት ተራ የመሰላችሁ አዝማች ከሁለተኛው ቤት በኋላ ሲመለስ ሌላ ነገር ይላችኋል። ቤቱ በመሃል አንድ አዲስ ነገር ነግሯችኋላ። በወረቀት ላይ ሲነበብ ቀላል፣ ሲዘፈን ግን አንጀት የሚበላ ግጥም የሚኖረው ለዚህ ነው።

በተቃራኒው ያለውንም ልናገር። ወርቁን ለማግኘት አሥር ጊዜ መስማት የሚያስፈልገው፣ ሰሙ ብቻውን ግን ትርጉም የማይሰጥ ግጥም አለ። እሱ ደካማ ቅኔ ነው። ሰሙም ራሱን ችሎ መቆም አለበት።

«ዜማው የእከሌ ነው፣ ተሰርቋል»

ይህ ክስ በጣም ቀሎብናል። አዲስ ነጠላ ዜማ በወጣ በሰዓቱ «ቁርጥ የድሮውን ዘፈን!» ይባላል።

እንዲህ ነው ነገሩ። አብዛኛው ዘፈናችን የሚሠራው በአራቱ ቅኝቶች (ዜማ በሚወጣባቸው የድምፅ ስብስቦች) ነው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል እና አንቺ ሆዬ ለኔ። እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ አላቸው። በሜጀር ትዝታ የተሠራ ዘፈን በሙሉ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ላይ ይመላለሳል። ስለዚህ ሁለት የትዝታ ዘፈኖች ጆሮ ላይ ዘመድ መምሰላቸው የግድ ነው። ከድንበር ማዶ እንኳ የሱዳን ሙዚቃ በብዛት አምስት ድምፅ ላይ ስለቆመ ለኛ ጆሮ ባዳ አይሆንም። ቅኝት የማንም የግል ንብረት አይደለም። ያው አዋጅ 410/1996 ራሱ ሐሳብን፣ ሥርዓትን፣ ዘዴን አይጠብቅም። የሚጠብቀው ሐሳቡ የተገለጸበትን ሥራ ነው።

ዝርፊያ የለም እያልኩ አይደለም። አለ፤ ያሳፍራልም። ግን ለመክሰስ ሌላ ነገር ማየት ያስፈልጋል። ድምፆቹ የተደረደሩበት ቅደም ተከተል አንድ ነው? እያንዳንዱ ድምፅ የሚቆይበት ርዝመትስ? ምቱ ላይ የሚያርፉበት ቦታስ? ቀላል መፈተኛ ልንገራችሁ። የሁለቱንም ዘፈን ቃል ተዉትና አዝማቻቸውን በ«ላ ላ ላ» አንጎራጉሩት። የአንዱን ቃል በሌላው ዜማ ላይ ምንም ሳትቀይሩ ከዳር እስከ ዳር መዝፈን ከቻላችሁ ጥርጣሬያችሁ መሠረት አለው። መግቢያው ላይ ብቻ ተመሳስለው ከዚያ ከተለያዩ ግን ቅኝቱ ነው ያገናኛቸው። የሕዝብ ዜማ ከሆነ ደግሞ ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ቀድተው ሊሆን ይችላል። ያኔ ጥያቄው «ማን ሰረቀ?» ሳይሆን «የሕዝብ መሆኑን ጽፈዋል ወይ?» ነው።

«የድሮ ዘፈን ሁሉ ወርቅ ነው»

የድሮውን እኔም እወዳለሁ። ጥላሁን ገሠሠ ሲከፈት ቤቱ ዝም ሲል አይቻለሁ። ግን ከድሮ የሚደርሰን የተመረጠው ነው። አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 በግሉ ሸክላ ማሳተም ሲጀምርና ሌሎችም ሲከተሉት በመቶ የሚቆጠሩ ሸክላዎች ወጥተዋል። ከእነሱ ውስጥ ዛሬ ባጃጅ ውስጥ የሚከፈቱት ስንቱ ናቸው? የድሮ ዘፈኖቻችንን የሰበሰቡት ኢትዮፒክስ የተባሉት ተከታታይ አልበሞች እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፈረንሳይ ውስጥ ሲወጡም አዘጋጁ ፍራንሲስ ፋልሴቶ መርጦ ነው ያወጣው። የካሴቱም ዘመን እንደዚያው ነው። አንድ ካሴት ላይ አሥር ያህል ዘፈን ነበር፤ የምናስታውሰው ሁለቱን ሦስቱን ነው። የቀሩት ሰባቱ ውስጥ ከዛሬው ደካማ ዘፈን የማይሻሉ ብዙ ነበሩ።

የድሮውን ምርጥ ከዛሬው ተራ ጋር አናወዳድር። የዛሬው ገና አልተጣራም።

አንድ ነገር ግን ለድሮዎቹ እሰጣለሁ። ባንዱ አንድ ላይ ሆኖ ይጫወት ስለነበር ትንፋሹ ይሰማል። ሳክስፎኑ ዘፋኙን ይጠብቀዋል፣ ከበሮው ይከተለዋል። ዛሬ ብዙው በኮምፒውተር ተቆርጦ የተቀጠለ ነው። ይህን የሚል ሰው ስለ ቅንብር ነው የሚያወራው፤ ልክም ነው። ከዚያ ዘልሎ «የዛሬ ልጆች ግጥም አያውቁም» ሲል ነው የሚሳሳተው።

«አውቶቱን ካለ ማንም ይዘፍናል»

አይዘፍንም። አውቶቱን እ.ኤ.አ. በ1997 ገበያ ላይ የዋለ ሶፍትዌር ነው። የሠራው አንዲ ሂልደብራንድ ቀድሞ ለነዳጅ ፍለጋ የከርሰ ምድር ሞገድ ሲያጠና የነበረ ኢንጂነር ነው። ሶፍትዌሩ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ከትክክለኛው ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ ያለውን ወደ ቦታው ይመልሳል። ስሜት አይሰጥም። ቃሉን አጥርቶ አይጠራላችሁም። የት መተንፈስ እንዳለባችሁ አያውቅም።

የኛን ዘፈን በተመለከተ ደግሞ ተጨማሪ ጣጣ አለው። አማርኛ ዘፈን ቅላጼ ነው። ድምፃዊው ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው አይዘልም፤ እየተንሸራተተ፣ እየተርገበገበ ይሄዳል። መሣሪያው በፍጥነት እንዲያርም ከተደረገ ያንን መንሸራተት ስህተት መስሎት ይቆርጠዋል። ደረጃ መውጣት የመሰለ ድምፅ የምትሰሙት ያኔ ነው። አንቺ ሆዬ ውስጥ ያሉት ጠባብ እርምጃዎች ደግሞ ሶፍትዌሩ ላይ ቅኝቱ በትክክል ካልተሞላ ወደማይሆን ቦታ ይጎተታሉ። በልኩ የተጠቀመበት ባለሙያ ካለ ግን መኖሩንም አታውቁትም። ስለዚህ «አውቶቱን አለበት» ብቻውን ወቀሳ አይሆንም። «ቅላጼውን ገደለው» ካላችሁ አዎ፣ እሱ ወቀሳ ነው።

«ሚሊዮን እይታ አለው፣ ስለዚህ ጥሩ ነው»

እይታ የሚለው ብዙ ሰው እንደከፈተው ነው። ቪዲዮው፣ ዳንሱ፣ የዘፋኙ ስም፣ ወሬው ሁሉ እይታ ያመጣል። «ሚሊዮን ካየው ቆሻሻ ነው» ማለትም ያው ስህተት ነው፤ ሕዝብ የወደደው ነገር በመወደዱ አይረክስም። ለጭፈራ የተሠራ ዘፈን ሰርግ ላይ ሰው ካስነሳ ሥራውን ሠርቷል። በግጥሙ ጥልቀት ልንከሰው አይገባም።

«ቋንቋውን ካልሰማሁት ልፈርድ አልችልም»

ይህኛው ሐዋሳ ላይ ለሚኖር ሰው አይሆንም። እዚህ በአንድ ጎዳና ላይ ሲዳምኛ፣ አማርኛ፣ ወላይትኛ፣ ኦሮምኛ ይሰማል። «የሲዳምኛ ዘፈን ቋንቋውን ስለማላውቅ አይገባኝም» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። እነዚሁ ሰዎች የሕንድ ዘፈን በቃላቸው ይዘው ያድራሉ!

ግጥሙን መፍረድ አትችሉም፤ እውነት ነው። ዜማውን፣ ምቱን፣ ቅንብሩን፣ ድምፁን ግን ትችላላችሁ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ የፍቼ ጨምበላላ በዓል ላይ የሚታየውን ቄጣላ አስቡት። ሰው በኅብረት እየዘፈነ፣ እየተቀባበለ ይጨፍራል። አንዱ ያወጣል፣ ብዙኃኑ ይመልሳል። ያ ቅብብል የት እንደሚጠብቅ፣ የት እንደሚላላ፣ መቼ እንደሚፈነዳ ለመስማት መዝገበ ቃላት አያስፈልግም። የዛሬ ወጣት የሲዳምኛ ዘፋኞች ይህን በኪቦርድና በዘመናዊ ከበሮ ሲሠሩት አንዳንዱ ይሳካለታል፤ አንዳንዱ ደግሞ ቅብብሉን ትቶ ቢቱን ብቻ ያስጮኸዋል። ጆሮ ከሰጣችሁት ልዩነቱ ይገባችኋል። ግጥሙ ምን እንደሚል ማወቅ ከፈለጋችሁም ቋንቋውን የሚያውቅ ጎረቤት ሐዋሳ ውስጥ አይጠፋም። እሱን መጠየቅ ነው።