በርን፦ በሦስት በሦስት የሚያሰላው ደክ

በርን «ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ» በተባለው የካርድ ጨዋታ ውስጥ ካሉ አንጋፋ ደኮች አንዱ ነው። ደክ ማለት ተጫዋቹ ራሱ መርጦ የሚያዘጋጀው የካርዶች ስብስብ ነው። ቢያንስ 60 ካርድ ይይዛል፤ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዙር የሚቀየሩ እስከ 15 ተጠባባቂዎችም ይኖሩታል። ጨዋታውን የፈጠረው ሪቻርድ ጋርፊልድ ነው፤ ለገበያ የወጣው በ1993 እ.ኤ.አ. ነበር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው)። እዚህ የማወራው በ2011 ስለተጀመረው «ሞደርን» ስለሚባለው የውድድር ዓይነት ነው።

የበርን ሐሳብ ቀላል ነው። ሁሉም ተጫዋች በ20 የሕይወት ነጥብ ይጀምራል። ላይትኒንግ ቦልት የተባለው ካርድ በአንድ ማና (ካርድ ለመጣል በሚከፈለው ኃይል) ከተጋጣሚው 3 ነጥብ ይቀንሳል። ላቫ ስፓይክም 3፣ ሪፍት ቦልትም 3። ሰባት ካርድ 21 ነጥብ ነው፤ ጨዋታው አለቀ ማለት ነው።

አዳማ ውስጥ እኔና ጓደኞቼ የምንጫወተው ፎቶ ኮፒ ቤት ባሳተምነው ወረቀት ነው። ወረቀቱን ከተራ ካርታ ፊት ለፊት አድርገን ፕላስቲክ ውስጥ እንከተዋለን። ይፋዊ ውድድር ላይ አይፈቀድም፤ ለመማር ግን ይበቃል። በርን ለምን እንደሚያሸንፍ የገባኝም እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። ባለብዙ ቀለም ደክ የያዘው ጓደኛዬ የመጀመሪያውን መሬት፣ ማለትም ማና የሚሰጠውን ካርድ፣ አወረደ። መሬቱን ከደኩ ፈልጎ ለማውጣት 1 ነጥብ ከፈለ፣ ወዲያው ሊጠቀምበት ሲፈልግ ደግሞ ሌላ 2 ከፈለ። 17 ቀረው። በርን የያዘው ልጅ ገና አንድ ካርድ አልጣለም፤ ግን ሰባት ካርድ ያስፈልገው የነበረው አሁን ስድስት በቃው። በርን የሚኖረው ሌሎች ራሳቸው ላይ በሚያደርሱት ጉዳት ነው።

ስለዚህ ዕጣው የሚወሰነው በ«ሜታ» ነው፤ በዚያ ሰሞን ሌላው ሰው ምን ይዞ ይመጣል በሚለው ግምት። አዳማ ዙሪያ ያለ ገበሬ ይህን ጠንቅቆ ያውቀዋል። አምና ሽንኩርት ተወደደ ከተባለ ዘንድሮ ሁሉም ሽንኩርት ይተክላል፤ ገበያው ይሞላል፣ ዋጋውም ይወድቃል። በርንም እንደዚያ ነው። ሲበዛ ሁሉም ተጠባባቂው ውስጥ መድኃኒቱን ይጨምራል። ለምሳሌ ሌይላይን ኦፍ ሳንክቲቲ ከጅምሩ እጅ ላይ ከተገኘ በነፃ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ቦልቱን ተጫዋቹ ላይ ማነጣጠር አይቻልም። በርን ሲቀንስ ደግሞ ያ ቦታ ለሌላ ካርድ ይለቀቃል። ያኔ በርን ይመለሳል።

አንዳንዴ ደኩ ራሱ ይጠነክራል። በ2014 መጨረሻ ትሬዠር ክሩዝ ወጣ። የተጣሉ ካርዶችን እንደ ክፍያ ተጠቅሞ ሦስት አዲስ ካርድ ያስወስዳል፤ በርን ደግሞ የተጣለ ካርድ መቼም አያጣም። በዋናነት ቀይ ካርዶችን የሚይዘው በርን ይህን ሰማያዊ ካርድ ጨመረበት። ብዙም ሳይቆይ፣ ጥር 2015 ላይ፣ ካርዱ ከሞደርን ታገደ።

ያለፉት ዓመታት ግን የተለዩ ናቸው። በ2023 የወጣው ዘ ዋን ሪንግ ባለቤቱን እስከሚቀጥለው ተራው ድረስ ከማንኛውም ነገር ይከላከል ነበር፤ በታኅሣሥ 2024 ታገደ። ከእሱ የባሰው በእኔ ግምት በሰኔ 2024 የመጣው ፍሌጅ የተባለው ካርድ ነው። 3 ይጎዳል፣ ለባለቤቱም 3 ነጥብ ይመልሳል። የበርን አንድ ሙሉ ካርድ በከንቱ ቀረ ማለት ነው። ያውም ከሞተበት ይነሣል፤ እንደገና 3። ቀለሙም እንደ ብዙዎቹ የበርን ደኮች ቀይና ነጭ ነው። ስለዚህ የበርን ተጫዋቾችም ወደ እሱ መሳባቸው አይገርምም።

ለውጡ ትልቅ ነው። ድሮ መድኃኒቱ ተጠባባቂ ውስጥ ስለነበር የመጀመሪያው ዙር የበርን ነበር። ሰዎች እስኪረሱት መጠበቅም ያዋጣ ነበር። ፍሌጅን ግን ማንም በርንን ፈርቶ አይደለም የሚይዘው፤ በራሱ ጠንካራ ስለሆነ ዋናው 60 ውስጥ ይገባል። በርን ሲጠፋም አይወጣም።

መልስ የለም አልልም። ስከልክራክ የተባለው የበርን ካርድ በሁለት ማና 3 ይጎዳል፣ በዚያ ተራ ማንም ሕይወት እንዳይጨምርም ይከለክላል። ፍሌጅ በወረደበት ቅጽበት ከመጣ የሚመልሰውን 3 ነጥብ ያከሽፍበታል። ግን ሁለት ማና ይዞ መቀመጥ ይጠይቃል። በርን የያዘ ጓደኛዬ አንድ ቀን እንደዚያ አደረገ። ሁለት ተራ ጠበቀ፣ ፍሌጅ አልመጣም። በእነዚያ ሁለት ተራዎች መጣል የነበረባቸው ቦልቶች እጁ ላይ እንዳሉ ጨዋታው አለቀ።