«ጸጉሩስ የታለ?» ውሻና ድመት በዋተር ከለር ስለ መሣል የምሰማቸው ስሕተቶች

ባሕር ዳር ላይ፣ ከሐይቁ ዳር ዋርካ ሥር ስኬች ቡክ ዘርግቶ የተቀመጠ ሰው ብቻውን አይቆይም። መጀመሪያ ልጆች ይመጣሉ፣ ቀጥሎ ቆሎ ሻጯ፣ ቀጥሎ ፎቶ አንሺው፤ በመጨረሻ ደግሞ በሁሉም ነገር ላይ አስተያየት ያላቸው አንድ ጋሼ አይጠፉም። ባለፈው ቅዳሜ የጎረቤቴን ውሻ እየሣልሁ ነበር። ቦቢ ይባላል፤ ቡላ ነው፤ ግራ ጆሮው ቆሞ ቀኙ ይታጠፋል። ሃያ ደቂቃ ያህል ሠርቼ ብሩሼን አጥቤ አስቀመጥሁ። ጋሼ ጎንበስ ብለው አዩና «አጀማመርህስ ጥሩ ነው። ጸጉሩስ የታለ?» አሉኝ።

እኔ እኮ ጨርሻለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ በረንዳዬ ላይ ሥዕል ማስተማር ከጀመርሁ ወዲህ ይህን ጥያቄ ያልጠየቀኝ የለም፤ ተማሪው፣ የተማሪው እናት፣ መንገደኛው። ለእያንዳንዱ ቆሜ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ወደ ጸጉሩ ከመድረሴ በፊት ግን ትንንሾቹን ላራግፍ።

«ተሰጥኦ ከሌለህ አትሞክረው።» በራሳችሁ ደብተር፣ የራሳችሁን ድመት፣ ለራሳችሁ ደስታ ነው የምትሥሉት። ማን ሊፈትናችሁ ነው?

«ነጭ ውሻ ለመሣል ነጭ ቀለም ያስፈልጋል።» ነጩ ወረቀቱ ነው። ዋተር ከለር ብርሃን ያሳልፋል፤ የሚያበራው ከሥሩ ያለው ወረቀት ነው። ስለዚህ የምትቀቡት ውሻውን ሳይሆን ጥላውን ነው። ሣር ላይ የተኛ ነጭ ውሻ ሆዱ አካባቢ አረንጓዴ ያዘለ ጥላ አለው፤ ሂዱና እዩት። መጨረሻ ላይ ዓይኑ ውስጥ አንዲት ነጥብ ነጭ ጉዋሽ፣ ብርሃን የማያሳልፈውን ቀለም፣ ብትጨምሩ ግን የሚገዝታችሁ የለም።

«ጥቁር ውሻ በጥቁር ቀለም ይሣላል።» ይቺን እኔም አምኜባት ነበር። የመጀመሪያው ስኬች ቡኬ ሦስተኛ ገጽ ላይ የገዛ ውሻዬ አለ፤ ከቲዩቡ የወጣውን ጥቁር ሳላቀጥን ለጥፌበት ገጹን በፍም የተበሳ አስመስሎታል። ጥቁር ውሻ ፀሐይ ላይ ሲቆም እዩት፤ ጀርባው ላይ የሰማዩ ሰማያዊ አርፎበታል፣ ሆዱ ሥር ከመሬቱ የተመለሰ ቡናማ አለ፤ ድፍን ጥቁር የሚሆነው ጆሮው ውስጥና ብብቱ ሥር ብቻ ነው። አልትራማሪን ሰማያዊንና በርንት ሳይና የሚባለውን ቀይ ቡናማ ቀላቅሉ። ሰማያዊው ሲያይል ቀዝቃዛ፣ ቡናማው ሲያይል ሞቅ ያለ ጥቁር ይወጣል፤ ውሃ ሲበዛበት ደግሞ ለግራጫ ድመት የሚሆን ዳለቻ። አንድ ነገር አትርሱ፤ ዋተር ከለር ሲደርቅ ይፈዛል። እርጥብ ሳለ «በቃ ጠቆረ» ያላችሁት ውሻ በኋላ አመድማ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

«ዋተር ከለር ከተሳሳትህ አይመለስም።» ይመለሳል። የቀለሙን ዱቄት የሚያያይዘው የግራር ሙጫ ነው፤ ደርቆም ቢሆን ውሃ ሲነካው ይሟሟል። ንጹሕ እርጥብ ብሩሽ ቀስ አድርጎ ማሸት፣ በሶፍት መጫን፣ ማንሣት። እምቢ የሚሉት ታሎ ግሪን እንደሚባለው አረንጓዴ ያሉ ወረቀት የሚነክሱ ቀለሞች ናቸው፤ እነሱንስ ውሻ ላይ ምን ትፈልጓቸዋላችሁ?

«ውድ ዕቃ ከሌለህ አይሆንም።» ከመጠምጠም መማር ይቅደም። ሃያ አራት ቀለም ያለው ሣጥን ይዞ መጥቶ ሃያ አራቱንም አንድ ውሻ ላይ የጨረሰ ሰው አይቻለሁ። አልትራማሪን፣ በርንት ሳይና፣ የሎ ኦከር የሚባለው አፈርማ ቢጫ፤ ጫፉ የሚሾል አንድ 8 ወይም 10 ቁጥር ክብ ብሩሽ፤ ሁለት ብርጭቆ ውሃ፣ አንዱ ለማጠቢያ፣ አንዱ ለንጹሕ፤ ሶፍት፤ ነጭ ሰሀን። ወረቀቱ ላይ ግን አልደራደርም። የኮፒ ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ነው፤ ውሃ ሲነካው እንደ ቋንጣ ይጨማደዳል። 300 ግራሙ ከተገኘ እሰየው፤ 200 ግራምም ጠርዙ በልብስ መቆንጠጫ ከተያዘ ይችላል። ገንዘብ ካጠራችሁ ከቀለሙ ቀንሱና ወረቀቱ ላይ ጨምሩ። ይህን ሁሉ የነገርሁት ሰው መልሶ «እና የትኛው ማርክ ይሻላል?» ይለኛል።

«ፊት ከጎን አይሣልም።» ይህን ያለችኝ የዘጌ ልጅ ናት፤ ምክንያትም አላት። በዘጌው ገዳም በዑራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ እንደምታዩት ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ይሣላሉ፤ ሰይጣንና ክፉ ሰው ግን ከጎን፣ ባንድ ዓይን። «ድመቴን ሰይጣን አላደርጋትም» አለችኝ። ደንቡ እኮ ለሰው ነው፣ እቴ! የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ እንኳ ከጎኑ ነው የሚታየው። ለጀማሪ ከጎን ይቀላል፤ የግንባሩ ቁልቁለትና የአፍንጫው ርዝመት ባንድ መስመር ይነበባል። ፊት ለፊት ሲሆን አፍንጫው ወደ እናንተ ስለሚመጣ ልኩን መያዝ ያስቸግራል።

እሺ፣ አሁን ወደ ጋሼ።

«ጸጉሩ ካልተሣለ ውሻ አይመስልም።»

ቦቢን ከመንገድ ማዶ ሳየው አውቀዋለሁ። ጸጉሩን ቆጥሬ አይደለም። የታጠፈችውን ጆሮ፣ አንገቱን አስግጎ የሚሄድበትን አኳኋን፣ ከደረቱ ተለይቶ የገባውን ወገቡን አይቼ ነው። ዓይን ያዝ ሲያደርግም አውቀዋለሁ፤ ያን ሰዓት ጸጉር የሚባል ነገር ጨርሶ አይታይም። መልኩ ያለው እዚያ ነው፤ በቅርጹ፣ በልኩ፣ ብርሃኑና ጥላው በሚለያዩበት ቦታ። ጸጉርማ ሁሉም ውሻ አለው።

ካላመናችሁ ዓይናችሁን አጥብባችሁ፣ ሽፋሽፍታችሁ ሊገጥም ሲል፣ ውሻችሁን ተመልከቱት። ጸጉሩ ይጠፋል። የሚቀረው ሦስት ነገር ነው፤ ብርሃን ያረፈበት፣ መካከለኛው፣ ጨለማው። እነዚያን ሦስቱን በቦታቸው ያስቀመጠ ሰው ውሻውን ሥሏል።

አንድ የባንክ ሠራተኛ ተማሪ ነበረኝ። ቁጥር የለመደ ሰው ስለሆነ ይሁን አላውቅም፣ የውሻውን ፎቶ በስልክ ይዞ መጣና በሁለት ጣቱ እየለጠጠ አፍንጫው ላይ ያሉትን ጸጉሮች አንድ በአንድ ማየት ጀመረ። በጣም ቀጭኗን 0 ቁጥር ብሩሽ አወጣ። ከስምንት ሰዓት እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ጸጉር ሣለ። ሁለት ጊዜ «ቆም በልና ከራቅ አድርገህ እየው» ብዬዋለሁ፤ «ትንሽ ነው የቀረኝ» ይለኛል። የግራው ዓይን ከቀኙ የጣት ውፍረት ያህል ወርዶ ነበር፤ ስልኩ ላይ አፍንጫ ብቻ እያየ እንዴት ይወቀው? ወረቀቱ ከመታሸቱ ብዛት ተልጦ እንደ ሹራብ ድብልብል አወጣ። ማታ ሚስቱ ልትወስደው መጥታ ቆማ አየችውና «ጃርቱን ማን ሣለው?» አለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስልኩን ኪሱ አስከተትሁት። 10 ቁጥር ብሩሽ ሰጠሁትና ሠላሳ ምት ብቻ ፈቀድሁለት፤ እኔ እየቆጠርሁ። አምስት ደቂቃ በእርሳስ፣ ሁለቱን ዓይንና አፍንጫውን የሚያገናኘውን ሦስት ማዕዘን ብቻ እንዲያስተካክል አደረግሁ። ድመትም ሆነ ውሻ፣ መልኩ የሚያዘው በዚያች ሦስት ማዕዘን ነው፤ እሷ ከተዛባች የቀረው ልፋት በሙሉ ከንቱ ነው። ከዚያ ቀለም። በሃያ ስድስተኛው ምት ውሻው መጣ። እሱ ግን አልተደሰተም። «ቀለለ» አለኝ።

ጸጉር ፈጽሞ አይነካም እያልሁ አይደለም። ጸጉር የሚታየው ጠርዝ ላይ ነው፤ አንገቱ ሥር፣ ጅራቱ ላይ፣ ብርሃኑ ወደ ጥላ በሚዞርበት መስመር። እዚያ ብሩሹን በሶፍት አድርቃችሁ፣ ጫፉን በጣት ዘርጋ አድርጋችሁ ሦስት አራት ጊዜ ብትጭሩ ዓይን የቀረውን ራሱ ይሞላዋል። ጀርባውና ከኋላው ያለው መሬት እኩል ብሩህ ከሆኑ ደግሞ መስመሩን ተዉት፤ ይጥፋ። ሰው ያልተሣለውን ጀርባ ያያል።

ለስላሳውን ጆሮ የሚሠራው ውሃው ነው። ጆሮውን በቀጭን የሎ ኦከር ቀቡት፤ ገና እያብለጨለጨ ሳለ ወፈር ያለ በርንት ሳይና በብሩሹ ጫፍ ጠብ አድርጉበትና እጃችሁን ሰብስቡ። ራሱ ይሰራጫል፤ ማንም በ0 ቁጥር ብሩሽ የማይሠራው ልስላሴ ይወጣል። ብልጭልጩ ሲጠፋ፣ ወረቀቱ ግን ለእጅ ገና ሲቀዘቅዝ፣ አትንኩት፤ ያን ጊዜ የሚጨመር ውሃ ቀለሙን እየገፋ አበባ ጎመን የመሰለ ጠርዝ ይሠራል። ጊዜውን መጽሐፍ አይነግራችሁም፤ እዚህ አገር ወር ነው የሚነግራችሁ። ሚያዝያ ላይ በረንዳዬ ላይ እፍ ሳትሉት ይደርቃል፤ ነሐሴ ላይ አቦሉን ጠጥታችሁ ቶናው እስኪደርስ እርጥብ ነው።

የተማረ ሰው ሲሞግተኝ የዱረርን ጥንቸል ያነሣል። አልብረኽት ዱረር በ1502 የሣላት፣ ቪየና ያለችው፣ እያንዳንዱ ጸጉሯ የሚቆጠር ጥንቸል። ድንቅ ናት። ግን እሷም የጀመረችው በሰፊ ቡናማ ቅብ ነው፤ ጸጉሩ የመጣው ቅርጹ ከቆመ በኋላ፣ ብርሃን በማያሳልፍ ቀለም ጭምር ታግዞ ነው። እሱም ዱረር ነው፤ እኛ ቅዳሜ ከሰዓት ነን።

ደግሞ ሩቅ ምን አስኬደን? የገዳሞቻችን ሠዓሊዎች የቅዱሳኑን ጸጉር እንዴት አደረጉት? ብዙ ጊዜ አንድ ድፍን ቅርጽ። እስከ ዛሬ ዘጌ ተሻግሮ፣ ደጀ ሰላሙን ገብቶ፣ ግድግዳው ፊት ቆሞ «ጸጉራቸውስ የታለ?» ያለ አንድ ምእመን አላየሁም። ይህ የሚጠየቀው የኔ ቦቢ ሲሆን ነው።

«ፈታ ያለ ሥዕል ማለት ተቻኩሎ የተሠራ ሥዕል ነው።» ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ያ መፈታት ሌላ፣ ይሄ መፈታት ሌላ። እጅ የሚፈታው ዓይን አስቀድሞ ሲሠራ ነው። እኔ ከሃያው ደቂቃ ዐሥሩን ብሩሽ አልነካም፤ አያለሁ። ጋሼ ያንን ዐሥር ደቂቃ አላዩም፤ ያዩት ፈጠን ያለውን እጅ ነው።

«ውሃው ከራሱ ከጣና ሲሆን ይባረካል።» ክረምት ላይ የጉማራና የርብ ወንዞች ያመጡት ደለል ያለበት ውሃ ቢጫውን ሁሉ ጭቃ ያደርግባችኋል። ዳሩ ላይ ቢልሃርዚያ አለ፤ በቆዳ ነው የሚገባው፤ ለአንድ ብርጭቆ ውሃ እግራችሁን አትንከሩ። ከቤት በላስቲክ ያዙ። ብሩሽ ለማሾል አፋችሁ ውስጥ የምትከቱም ተዉ፤ አንዳንዱ ቀለም ካድሚየም የሚባል መርዛማ ብረት አለበት።

«እንስሳው ዝም ብሎ ካልተቀመጠ አይሣልም።» እንስሳ ዝም አይልም፤ ግን ይመላለሳል። ያንኑ አቀማመጥ ደጋግሞ ይቀመጣል። አንድ ገጽ ላይ ሦስት ሥዕል ባንዴ ጀምሩና እሱ በተለዋወጠ ቁጥር እናንተም ወደዚያኛው ተሻገሩ።

ይህን የተማርሁት ዓሣ ከሚያጸዱበት ቦታ ካለች አንዲት ድመት ነው። ቡራቡሬ ናት፤ ያንድ ጆሮዋ ጫፍ ተቆርጧል። ሰውየው ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ባነሣ ቁጥር አንገቷ ይመዘዛል፤ ቅርፊቱን መፋቅ ሲጀምር ትቀመጥና የፊት እግሯን ትልሳለች፤ ሆዱን ሲቀድ ደግሞ ጆሮዎቿ ወደ ፊት ይዞራሉ፣ ትከሻዋ ይወርዳል። ዓሣ በተነሣ ቁጥር እንደዚያው፣ በቅደም ተከተል። እኔም ሲያነሣ የመጀመሪያውን፣ ሲፍቅ ሁለተኛውን፣ ሲቀድ ሦስተኛውን እየቀባሁ፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላው ሲረጥብ ሠራሁ። ዐሥራ አንድ ቆሮሶ ነበር። ዐሥራ አንደኛው አልቆ ሰውየው ቢላዋውን ማጠብ ሲጀምር ተነሥታ ሄደች፤ ሦስተኛዋ ድመት ጅራት የላትም።