የኋለኛው ዘመን የሮም ነገሥታት ጋብቻና ዝምድና

ከዲዮቅልጥያኖስ ጀምሮ እስከ 500ዎቹ መጀመሪያ የሮምን ዙፋን የያዙት ሰዎች ዝርዝር ብቻውን ሲታይ የማይተዋወቁ ሰዎች ሰልፍ ይመስላል፣ እናትና እህቱን ሚስትና ምራቱን እየጨመራችሁ ስታዩት ግን አብዛኛው አንድ የተጠላለፈ ቤተሰብ ሆኖ ቁጭ ይላል። እኛ ቆስጠንጢኖስንና እሌኒን፣ ዑልያኖስ ከሃዲን፣ ቴዎዶስዮስን ከስንክሳርና ከበዓላት ለየብቻ እናውቃቸዋለን፣ ማን የማን አማች እንደነበር ግን በአማርኛ አንድ ላይ የተጻፈ ነገር ስላጣሁ ያለኝን ይዤ ይሄን አጠናቀርኩ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሮም ውስጥ አልጋ ወራሽ የሚያደርግ ቁርጥ ያለ ሕግ አልነበረም፣ ሰው የሚነግሠው ጦሩ ሲቀበለው ነው፣ ስለዚህ አዲሱ ሰውዬ ቶሎ የሚያስበው የማንን ልጅ ወይም የማንን እህት ላግባ የሚለውን ነው። ዲዮቅልጥያኖስ ስልጣኑን ለአራት ሲያካፍል (293) ልጁን ቫሌሪያን ከአራቱ ለአንዱ ለገላሪዮስ ሰጠ፣ ሌላው ተካፋይ መክስምያኖስ ደግሞ ልጁን ቴዎዶራን (የእንጀራ ልጁ ናት የሚሉም አሉ) ለቆስጠንጢኖስ አባት ዳረ። እሌኒ ከቤት የተገፋችው ለዚህ ጋብቻ ሲባል ነው። ድሮውንም ሕጋዊ ሚስት አልነበረችም የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ፣ እኔ ብዙም አይዋጥልኝም፣ ለማንኛውም ልጇ ሲደላደል አውግስታ አሰኝቶ ሳንቲም ላይ አስቀረጻት፣ የቀረውን ደመራ ላይ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል።

ቆስጠንጢኖስ በ307 ፋውስታን አገባ። ፋውስታ የመክስምያኖስ ልጅ ናት፣ በዚህ ቆጠራ የእንጀራ እናቱን እህት ነው ያገባው። ዝምድናው ማንንም አላዳነም። አማቱ አምፆበት በ310 ሞተ፣ የሚስቱ ወንድም መክስንጥዮስ በ312 ቲቤር ወንዝ ውስጥ ሰጠመ፣ በ313 ሚላኖ ላይ እህቱን ኮንስታንቲያን የዳረለት ሌላው ንጉሥ ሊቂንዮስ ደግሞ እሷ ለምና ነፍሱን ካስማረችለት በኋላ በ325 ተገደለ። በ326 የገዛ ልጁን ክሪስፐስን አስገደለ፣ ብዙም ሳይቆይ ፋውስታም ሞተች። የፋውስታንና የእንጀራ ልጇን የክሪስፐስን ወሬ የጻፉት በብዛት ከዘመኑ የራቁና ንጉሡን የማይወዱ ሰዎች ስለሆኑ ቢታለፍ ይሻላል።

እሱ በ337 ሲሞት የቴዎዶራ ወገን የሆኑ ወንዶች ባንድ ሰሞን ታረዱ። ዑልያኖስ በኋላ ሲጽፍ አባቱን፣ አንድ አጎቱን፣ ታላቅ ወንድሙንና ስድስት የአጎት ልጆቹን ይቆጥራል፣ ጥፋቱንም በቆስጠንጢኖስ ልጅ በኮንስታንቲዮስ 2ኛ ላይ ይጥላል። ኮንስታንቲዮስ ያኔ የዑልያኖስን እህት አግብቶ ነበርና ከሟቾቹ አንዱ አጎቱም አማቱም ነው (እኛ ጋ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ነው የሚጋባው፣ እነሱ የአጎት ልጅ ምንም አልመሰላቸውም)። ይሄው ሰው በ356 ገደማ ለአክሱሞቹ ለኢዛናና ለሳይዛና አባ ሰላማን ወደ እስክንድርያ እንዲልኩለት የጻፈው ደብዳቤ አትናቴዎስ ጋ ተጠብቆ አለ፣ መዝጊያው ላይ ክቡራን ወንድሞች ነው የሚላቸው፣ እሱ የሥጋ ዘመዶቹን እንዴት እንደያዘ ለሚያውቅ ቃሉ ትንሽ ያስፈራል። ዑልያኖስም የኮንስታንቲዮስን እህት አገባ፣ ልጅ ሳይተርፍለት በ363 ሞተ፣ መርቆሬዎስ በጦር ሲወጋው በየቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ አይታችሁታል።

ቀጥሎ ስለመጣው ስለ ንጉሥ ቫለንቲኒያን ቤት ብዙ አልልም። ልጁ ግራቲያን፣ አባቷ ኮንስታንቲዮስ ከሞተ በኋላ የተወለደችውን ልጅ አገባ። የቫለንቲኒያን ሁለተኛ ሚስት ዩስቲና የወለደቻት ጋላ ደግሞ በ387 ለታላቁ ቴዎዶስዮስ ተዳረች፣ ዩስቲና ከጠላት ሸሽታ ተሰሎንቄ ገብታ ነበርና ልጅቷን የሰጠችው ጦር አንስቶ ወንድ ልጇን ወደ ዙፋኑ እንዲመልስላት ነው ይባላል።

ከዚህ ጋብቻ ጋላ ፕላኪዲያ ተወለደች፣ ስለሷ ጥሩ ምንጭ ስላለ ትንሽ ልቆይባት። አርቃዴዎስና አኖሬዎስ በአባት ወንድሞቿ ናቸው። የአጎታቸው ልጅ ሰሬናና ባሏ ጄነራል ስቲሊኮ ልጃቸውን ማሪያን ለአኖሬዎስ ዳሩ፣ ማሪያ ስትሞት በ408 ታናሿን ቴርማንቲያን ተኩ፣ የሟች ሚስትን እህት ማግባት በ355 ሕግ ተከልክሎ ሳለ። ከሁለቱም ልጅ አልተገኘም፣ ስቲሊኮም በዚያው ዓመት ተገደለ።

ጎቶች የሚባሉት የጀርመን ነገድ በ410 ሮምን ሲዘርፉ ፕላኪዲያን ይዘው ሄዱ፣ በጥር 414 ናርቦን ከተማ ላይ ንጉሣቸው አታውልፍ አገባት። ሙሽራው እንደ ሮማዊ ለብሶ ነው የተቀመጠው፣ ሐር የለበሱ 50 ወጣቶች ሁለት ሁለት ሳህን ይዘው ገቡ፣ አንዱ ወርቅ አንዱ ዕንቁ የሞላበት፣ ሁሉም ከሮም የተዘረፈ ነው፣ ጥሎሹ የመጣው ከሙሽሪት ቤት ነው ማለት ነው። የወለዱት ልጅ በአያቱ ስም ቴዎዶስዮስ ተብሎ ሕፃን ሳለ ሞተ፣ በብር ሣጥን ባርሴሎና ተቀበረ። አታውልፍ በ415 ሲገደል የተካው ሲጌሪክ እሷን ከምርኮኞች ጋር ከፈረሱ ፊት ፊት 12 ማይል በእግሯ ነዳት። በ416 በ600,000 መስፈሪያ እህል ተለውጣ ተመለሰች፣ ጥር 1 ቀን 417 ደግሞ ወንድሟ እጇን ይዞ ለማትፈልገው ጄነራል ለኮንስታንቲዮስ አስረከባት። ከሱ ቫለንቲኒያን 3ኛንና ሆኖሪያን ወለደች። ሆኖሪያ ያለፈቃዷ ሲያጋቧት ለሁኖች ንጉሥ ለአቲላ ቀለበቷን የላከችው ናት።

ምሥራቁ ቤት ሴቶቹን ባለመዳር ነው የተጠበቀው። የአርቃዴዎስ ልጅ የቴዎዶስዮስ 2ኛ እህት ፑልኬሪያ፣ የእኛ መጻሕፍት ብርክልያ የሚሏት፣ ታናናሾቿን ጨምራ ድንግልና ተሳለች፣ ውጪ ያለ አማች ቤተ መንግሥት እንዳይገባ ማለት ነው። ወንድሟ በ450 ከፈረስ ወድቆ ሲሞት ግን ስእለቷ እንደተጠበቀ ብላ መርቅያንን በስም ብቻ አገባችና ዙፋኑን ሰጠችው። ከዚህ ጋብቻ በዓመቱ የተገኘው የኬልቄዶን ጉባኤ ነው፣ አባታችን ዲዮስቆሮስ ጥርሱ ረግፎ ጺሙ ተነጭቶ ተሰደደ የሚለውን አባቶቻችን ጽፈውልናል፣ ምዕራቦቹ ሴትዮዋን ቅድስት ይሏታል። ጫጉላውን ጥሎ የመነነው ገብረ ክርስቶስ መርዓዊም በገድሉ የንጉሥ ቴዎዶስዮስ ልጅ ነው፣ የግሪኮቹ ታሪክ ጸሐፊዎች ግን አያነሱትም።

ቫለንቲኒያን 3ኛ በ455 ሲገደል ገዳዮቹን የላከው በቦታው የነገሠው ፔትሮኒዮስ ነው ይባላል፣ የሟቹን ሚስት ኤውዶክሲያን በግድ ያገባውም እሱ ነው። ወዲያው ሰሜን አፍሪካን የያዙት ቫንዳሎች መጥተው ሮምን ዘርፈው እሷንና ሁለት ልጆቿን ካርታጎ ወሰዱ። ትልቋ ለንጉሡ ልጅ ተዳረች፣ ልጇ ሂልደሪክ የቫንዳሎች ንጉሥ ሆነ፣ ትንሿ የኦሊብሪዮስ ሚስት ነበረች፣ እሱም በ472 ለጥቂት ወራት ነገሠ። ቁስጥንጥንያ ላይ ደግሞ የንጉሥ ሊዮን ልጅ አርያድኔ ሁለት ንጉሥ አገባች፣ ዘይኑን በ491 ሲሞት አናስጣስዮስን መርጣ አነገሠችው፣ ቅዱስ ሳዊሮስ አንጾኪያ ላይ የተሾመው በዚህ ደግ ንጉሥ ዘመን ነው።

የኦሊብሪዮስ ልጅ አኒቂያ ዩልያና ከቴዎዶስዮስ ዘር መሆኗን የምትረሳ ሴት አልነበረችም። በእምነት ከእኛ ወገን አይደለችም፣ ያሠራችው የቅዱስ ፖሊዩክቶስ ቤተ ክርስቲያን ግን ጉድ ነበር፣ የዘር ሐረጓን በግጥም ግድግዳው ላይ አስቀርጻዋለች፣ ድንጋዮቹ በ1960 ኢስታንቡል ውስጥ መንገድ ሲቆፈር ወጥተዋል። ዩስጢንያኖስ ገና እንደነገሠ ወርቅሽን ለመንግሥት ስጪ ሲላት ጊዜ ስጠኝ ብላ ሁሉንም አስቀልጣ ጣሪያውን አለበሰችው፣ ወርቄ ይኸውልህ ብላ አሳየችው፣ እሱ አፍሮ ሊሄድ ሲል ከጣቷ የዕንቁ ቀለበት አውልቃ ሰጠችው ይባላል።